ከጉሙ ስር የመጣው ድምፅ

ቀኑንና አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ይሆናል፤ የሰማሁትን ግን አልረሳሁም። ባለቤቴ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከአዘዞ ቤታችን አልወጣም ብላ ነበር። ልጆቻችን «ክረምቱን ኮሶዬ ተራራ ካለው ማረፊያ ወስደን እናሳርፋት» ሲሉ እኔ ብርዱንና ገደሉን ፈራሁ። ደግሞስ የማታየው ተራራ ምን ያደርግላታል? ማረፊያውን አስቀድሜ ልየው ብዬ ብቻዬን በሚኒባስ ሄድሁ።

ስደርስ አገሩን ጉም ውጦታል፤ ከግቢው ወዲያ ያለው ሜዳ መሰለኝ። ማረፊያውን የምትይዘውን ሴት «ይህ ጉም የሚገፈፈው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይቆዩ አያ፣ ወንድሜን ልጠይቀው። ስልክ እንደሁ እሱ ዘንድ አይሠራም» አለችና ግቢው ጫፍ ቆማ ተጣራች። «አንተዬ! ታች እንዴት ነው?»

ትንሽ ቆይቶ ከእግራችን ስር፣ በጣም ከሩቅ፣ የወንድ ድምፅ መጣ። «ፀሐይ ነው! ጤፍ እያረምን ነው!»

ወደ ኋላዬ አፈገፈግሁ። ሜዳ ያልሁት ገደል ኖሯል፤ ከደመናው በታች ሌላ አገር፣ ሌላ ሰማይ አለ።

«ምነው አያ፣ ገደሉን ፈሩት?» ብላ ሳቀች።

«እኔስ የፈራሁት ፈጣሪን ነው» አልኋት። ይህንስ ለመስማት ዓይን አያሻም ብዬ ክፍሉን እንኳ ሳላይ ለነሐሴ ያዝሁ።

ባለቤቴም እሺ ብላ አብራኝ ሄደች። በየጠዋቱ እጄን ይዛ ከግቢው ጫፍ እየቆመች፣ ታች ካለው ሰው ጋር ስለ ጤፉና ስለ ልጆቹ ስትጠያየቅ ሰነበተች። ከኮሶዬ ወሬ የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አዘዞ ከተመለስን በኋላ፣ የመስቀል ማግስት ነው። ሴትዮዋ ደውላ «እማማ ሄደዋል ብዬ ብነግረው ወንድሜ አላምን አለ፤ ዛሬም ‹እማማን ጥሪልኝ› እያለ ይጮሃል» አለችኝ።