ለጊዜው የተጻፈ ስም

ከጅጅጋ ወደ ሸደር የስደተኞች መጠለያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ላፕቶፕ ያቀፈ ወጣትና ፋይል የያዙ ሴትዮ ያወራሉ።

«ዛሬም ወደ እኛ ቢሮ ነህ?»

«መብራት ሄዶ መጣ አሉኝ፣ እትዬ። ሰርቨሩ ሲነሳ ኔትወርኩ እንቢ ብሏል።»

«ሁልጊዜ እየመጣህ ምንድን ነው የምታደርገው?»

«አንዲት መስመር ጽፌ ሞጁሉን እጭናለሁ።»

«ሞጁል ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚግባባበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ወላሂ፣ ሲነሳ በራሱ መጫን ነበረበት።»

«ታዲያ ምን ከለከለው?»

«ትናንት የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በራሳቸው እንዳይጫኑ የተከለከሉ ሞጁሎች የሚጻፉበት ፋይል አለ። የዚህኛውም ስም እዚያ አለ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔው ነኛ! ከሌላ ሞጁል ጋር ሲጋጭብኝ፣ ለጊዜው ብዬ።»

«መቼ?»

«ሥራ የጀመርኩ ሰሞን። አራት ዓመት ሆነው።»

«አራት ዓመት ሙሉ አቧራ የበላኸው በገዛ እጅህ ነው በለኛ!»

«ዛሬ እሰርዘዋለሁ። ከዚህ በኋላ መብራት ቢጠፋም አልመጣም።»



«እኔንም ሸደር ሲመድቡኝ ለጊዜው ነው ብለውኝ ነበር። ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች።»

«የመደበዎትን ሰውዬ ለምን አይጠይቁትም?»

«እሱማ ተዛወረ።»

እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ጠርዙ የተላላጠውን ጊዜያዊ የስደተኛ መታወቂያዬን ዳሰስኩት።