ግግ የሚሉት ጥርስ

የአምስት ወር ሕፃን ድድ በብስክሌት ሽቦ ሲፈለፈል «መድኃኒት ነው» ብሎ ልጁን የሚሰጥ ሰው ከፊደል ቆጣሪዎቹ መካከል የለም ብለህ ትምላለህን፣ አንባቢ ሆይ?

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ እማማ ከሪማ የሚባሉ ባልቴት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ሕፃኑ ተቅማጥ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ የሚያለቅስበት አቅም አጥቷል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ጣይባ የደሴ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ናት፤ በዕረፍት ቀኗ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ያለ ክፍያ እስከ ቢስቲማ እየሄደች የገበሬውን ጥርስ ታክማለች። ወዴት እንደሚሄዱ ብትጠይቃቸው ገራዶ፣ የሕፃን ድድ ፈልፍሎ ግግ የሚሉትን የሚያወጣ ሰው ዘንድ አሉ። ሐኪም ቤት ይምጡ ብላ ለመነቻቸው።

«አንቺ ስንት ወልደሻል?»

«አልወለድኩም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ተይኝ። እኔ የስድስት ልጆቼን ግግ አስወጥቻለሁ።»

«ስድስቱም አሉ?»

ባልቴቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አራቱ አሉ። ሁለቱ ግጋቸው በወጣ በሳምንቱ ሄዱ። የአላህ ሥራ ነው።»

እኔ ብሆን ኖሮ እጮህባቸው ነበር። ጣይባ ግን ከወዲያ ወንበር ፀሐይነሽ የምትባል እናት የያዘችውን ድንቡሽቡሽ ሕፃን ለማስዳሰስ አስፈቀደች፤ የባልቴቷን እጅ አስታጥባ የሁለቱንም ሕፃናት ድድ በጣታቸው አስዳሰሰቻቸው።

«ይሄም አብጧል» አሉ በዝግታ። «ግን ደህና ነው።»

«ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ እማማ። ሽቦው የሚያወጣው ነጭ ነገር ያልበቀለ ጥርስ ነው።»

«ግግ አውጪው ትል ነው ብሎ አሳይቶኛል ወላሂ።»

«ትል ከሆነ ለምን አይንቀሳቀስም? ይህን ልጅ የሚገድለው ከሰውነቱ ያለቀው ውሃ ነው። በዚያ ላይ ደሙን ሊያፈሱት ነው።»

ደሴ እስክንደርስ ተከራከሩ። ስንወርድ ባልቴቷ የገራዶን መኪና አልፈው ጣይባን ተከተሉ። ሐኪም ቤት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተበጠበጠ ጨውና ስኳር በማንኪያ ሰጡት፤ እናቱም ተጠርታ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን ጡቷን ያዘ። ድዱ አልቆሰለም፣ መንጋጋ ቆልፍ አላገኘውም፣ ጥርሱም በጊዜው ይበቅላል።

ከዚያ ሐኪም ቤት ልጠይቃቸው ስሄድ እማማ ከሪማ የነገሩኝ ነው ያንገበገበኝ። «እኔስ አልተማርኩም። ገራዶ ውሰጂው ያለኝ አባቱ፣ ልጄ አብዱልወሀብ ነው፤ ኮምቦልቻ ሳይንስ ያስተምራል።»

መምህር አብዱልወሀብ፣ እናትህ በጣታቸው ዳስሰው ተምረዋል። አንተስ ልጅህን ለሽቦ የላክኸው ከየትኛው መጽሐፍ አንብበህ ነው? ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪዎችህ ተሰልፈው ሳሉ፣ ፊታቸው ቆመህ መልስ።