በቀን አንዲት የጤፍ ቅንጣት

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ የምትሰሙት የወይዘሮ ይርጋነሽ ምንይሉ ታሪክ ነው። የጻፍኩት የልጅ ልጃቸው አርሴማ ነኝ፤ ሰው ፊት ማንበብ ስለማልደፍር አጎቴ የኔሰው ያነቡላችኋል።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከአባታቸው ከአቶ ምንይሉ ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውበቴ ካሳ በሞጣ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑን አጎቴ ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ይላሉ፣ እናቴ ሃምሳ ነው ትላለች፤ ልኩን ስላላወቅሁ ሁለቱንም ጻፍኩ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ፣ ወጌሻ የነበሩትን አባታቸውን እየተከተሉ የተሰበረ መጠገን፣ የወለቀ መመለስ ተማሩ። ከአቶ አላምረው ታከለ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ብቸና ገቡ፤ ሁለት ልጆችም አፈሩ።

በገበያ ቀን ደጃቸው ሰው አያጣም ነበር። ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ካሰሩ በኋላ ለሁሉም የሚሰጡት ትእዛዝ አንድ ነበር፤ እስኪፈታ ድረስ ጣት እንኳ እንዳይነቃነቅ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ከወንድማቸው ተዝካር ከሞጣ ሲመለሱ፣ ከሚኒባስ ሲወርዱ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ከክርናቸው በላይ ተሰበረ። ሐኪም ቤት እንውሰድዎት ቢባሉ፣ የወጌሻን ክንድ ወጌሻ ካላሰረው ማን ያስረዋል ብለው ሳቁና በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው እየሳቡ ራሳቸው አሰሩት። አርባ ቀን ሳያነቃንቁ ቆይተው ሲፈቱት አጥንቱ ገጥሟል፤ እጃቸው ግን ከአንጓው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ጣቶቻቸውም አልዘረጋ አሉ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ በቀኝ እጄ ማማተብ አይቅርብኝ ይሉ ነበር።

ሞጣ ወደምትሠራ ጸደንያ ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰድናቸው። ነርቩን የጎዳው ስብራቱ ይሁን ማሰሪያው አሁን መለየት አይቻልም አለች። ቀጥላም፣ «እማማ፣ ነርቭ ሲያገግም በቀን የሚያድገው አንዲት የጤፍ ቅንጣት ያህል ነው። እስኪደርስ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ እርስዎ ያንቀሳቅሱት» አለቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አታንቀሳቅሱ ሲሉ ለኖሩት ይህ ግራ የሚያጋባ ነበር።

ቤት ስንገባ ከስብራቱ እስከ አንጓቸው በክር አስለኩኝና በክሩ ልክ ጤፍ አስደረደሩኝ። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሆነ፤ በስኒ አስቀመጥነው። በየጠዋቱ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ በግራ እጃቸው ቀኙን እያነሱና እያወረዱ፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየዘረጉ፣ ከሳህን ሽምብራ ለመልቀም ሲታገሉ ይቆዩና አንዲት ጤፍ ከስኒው ያወጣሉ። ጎረቤት፣ ወጌሻዋ እንደ ሕፃን በሽምብራ ይጫወታሉ እያለ ሲቀልድ አብረው ይስቁ ነበር።

በሦስተኛው ወር ጎረቤታችንን አቶ ፋንታን አስጠሩ። አቶ ፋንታ ከሁለት ዓመት በፊት በእሳቸው የታሰረው ቀኝ እጃቸው አጥንቱ ቢድንም ጣቶቻቸው ተኮራምተው ቀርተው ነበር።

«ፋንታ፣ ያሰርኩህ እኔ ነኝ። ከተፈታ በኋላ አንቀሳቅሰው አላልኩህም፤ አላውቅም ነበር» አሏቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ አጥንቱስ መች ይገጥም ነበር?» ብለው መለሱ።

«እንግዲያው ቁጭ በልና ልቀም።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይለቅሙ ነበር።

የአያቴ እጅ ተነሣ ወይስ አልተነሣም ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። በነሐሴ አንድ ጠዋት አንጓቸው ትንሽ ከፍ ሲል አየሁ መሰለኝ፤ እናቴ ከትከሻቸው ስበውት ነው አለች። በመስከረም ሳንባ ምች ያዛቸው። ሐኪም ቤት ታክመው ከወጡም በኋላ ጠናባቸውና፣ በመጨረሻው ጠዋት ካህኑ ሲጸልዩላቸው ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ወደ ግንባራቸው ጉዞ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግራ እጃቸው ደርሶ ደገፈው። አማተቡ። የቱ እጅ የቱን እንዳነሣ አልለየሁም። በስኒው ውስጥ አሥራ አንድ ጤፍ ቀርቷል።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸውን የኔሰውንና ብሩክታይትን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ያሰሯቸውን ብዙ ሰዎች ትተውልን ሄደዋል። ያሰሩት መልካም ነበር ወይ ብዬ ሳስብ ሐሳቤ ይምታታብኛል። ዛሬ ግን ቃሬዛቸውን በፊት በኩል ከያዙት አንዱ አቶ ፋንታ ናቸው፤ የያዙትም በዚያው በቀኝ እጃቸው ነው። ይህን አይቻለሁ።

እኔ ያልለየሁትን የሚለይ አምላክ፣ የደከመችውን እጃቸውን ይዞ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።