ሰማይ ጠርቶ የሚሞላ ወንዝ፦ የአቶ እንዳልክ ኃይሌ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከኦሮራና ከዴንቨር፣ ከሊትልተንና ከኮሜርስ ሲቲ ሥራችሁን ትታችሁ በዚህ ቅዳሜ ጠዋት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የወንድማችንን የአቶ እንዳልክ ኃይሌን ዜና ሕይወት እንድታዳምጡን በትሕትና እንጠይቃለን። ጽሑፉን ያዘጋጁት ባለቤታቸው፣ እኅታቸውና ልጆቻቸው ከባለቤታቸው ወንድም ከአቶ አለምሰገድ ጋር ሆነው ሲሆን፣ ከውስጡ አንዱን ክፍል ግን ሳትዘሉ አንብቡት ብለው ያዘዙ ራሳቸው ሟቹ ስለሆኑ፣ እዚያ ስንደርስ የአንባቢው ድምፅ ቢሰበር ታገሡን።

አቶ እንዳልክ ከአባታቸው ከአቶ ኃይሌ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች ወርቁ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በጭልጋ አውራጃ፣ በአይከል ከተማ ጥር 18 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በገበያው ዳር የስፌት መኪና የነበራቸው ልብስ ሰፊ ስለነበሩ፣ አቶ እንዳልክ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት መርፌ ላይ ክር ማስገባትን ለምደው፣ የቀለም ትምህርታቸውን በአይከል ጀምረው በጎንደር ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከእሳቸው በታች መስፍን የሚባል ወንድምና ዛሬ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እኅታቸው ወይዘሮ ቀጸላ ተወልደዋል።

በ1971 ዓ.ም. ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ልኮ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆሞ በሚጠብቅበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ አቶ እንዳልክ የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድማቸውን መስፍንን ይዘው በነሐሴ ወር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የጓንግን ወንዝ እንዴት እንደተሻገሩ በኋላ እንመለስበታለን፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ «በኋላ» ሲሉት የኖሩት ነገር ነው። ገዳሪፍ ሲደርሱ ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ በዚያም በአባታቸው ሙያ ልብስ እየሰፉ አራት ዓመት ቆይተው በጥቅምት 1976 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ መጥተው ዴንቨር ገቡ።

በካፒቶል ሂል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ከሦስት ስደተኞች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ጠዋት እንግሊዝኛ እየተማሩ ከሰዓት በኋላ በመሀል ከተማ ሆቴል ሳህን እያጠቡ ኑሮን ጀመሩ። በግንቦት ወር በአንድ እሑድ፣ ቼሪ ክሪክ የሚባለው ጅረት ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ጋር ወደሚገናኝበት ስፍራ ከጓደኞቻቸው ጋር በእግራቸው ወርደው ሳለ፣ ለሳምንት ዝናብ ያልጣለበት፣ አንዲት ደመና የሌለበት ሰማይ ሥር ወንዙ ደፍርሶና ግንድ እየገፋ ሲወርድ አዩ። ፊታቸውን ከውሃው አዙረው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጓደኞቻቸው ደግፈው ቤት መለሷቸው፤ ምን እንደሆኑ ሲጠየቁም ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብለው አለፉት።

ከዚያ በኋላ ታክሲ፣ ቀጥሎም ከሃያ ዓመት በላይ የአየር ማረፊያ ሻትል እየነዱ ሲሠሩ፣ በ1981 ዓ.ም. በአረጋውያን መጦሪያ ከሚሠሩት ከወይዘሮ ብርቅነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ሔለንንና ቴዲን ወልደው፣ ኦሮራ ቤት ገዝተው ተቀመጡ። ሔለን በተወለደች በመጀመሪያው ግንቦት፣ ሰው ሁሉ ለሽርሽር በሚወጣበት በሜሞሪያል ደይ በዓል ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆች ላሏቸው አራት ቤተሰቦች ስልክ ደወሉ። አራቱ ቤተሰቦች በዓመታት ውስጥ ስድሳ አራት ሆኑ፤ ስማቸውም በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ በተራ ቁጥር ተጻፈ። የሚሉት ነገር ግን አልተለወጠም፦ «ውሃው መጥቷል። ሰማዩን አይታችሁ አትመኑ። የልጆቹን እጅ ያዙ። ስትመለሱ ደውሉልኝ።»

ይህን የማያስታውስ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። ሳቅንባቸው እኮ! የወንዙ ቃል አቀባይ አልናቸው፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን «ሪላክስ ያድርጉ ጋሼ፣ ፒክኒክ ነው የምንወጣው» ያልናቸውም አለን። ስንመለስ መደወል የረሳን እንደሆነ ደግሞ ምሽቱን በራችን ላይ ሻትሉን ፓርክ አድርገው፣ በመስኮት የልጆቹን ጫማ ቆጥረው፣ ሳያንኳኩ ተመልሰው ይሄዱ እንደነበር ዘግይተን ነው የሰማነው። በየማለዳው ከጸሎት ቀጥሎ የወንዙን ከፍታ በስልካቸው ያያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ምሳቸው አይወርድላቸውም፣ ሲቀንስ ደግሞ ነገ ይጨምራል ብለው ይጨነቃሉ።

ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ አቶ እንዳልክ ከሥራ በፊት ድልድይ ላይ ቆመው ውሃ ሲመለከቱ ሁለት ጸደይ ሙሉ ካዩ በኋላ፣ ነገሩን አስረዷቸው። ይህ ውሃ የተራራው በረዶ ነው፤ ፀሐይ በበረታ ቁጥር እየቀለጠ እስከ ሰኔ ይወርዳል፤ ዓሣ ማጥመድ የሚያውቅ ሰውም በዚህ ወቅት የተራራውን ወንዝ ለራሱ ትቶ፣ ውሃው ረግቶ ወደሚሞቅበት ሐይቅና ኩሬ ይወርዳል አሏቸው። ረግቶ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አቶ እንዳልክ በማግስቱ አብረው ለመሄድ ተስማሙ።

በቀጭን ረጅም ዘንግ ክሩን ወደ ኋላ ከዚያም ወደ ፊት እያወናጨፉ፣ ከላባና ከክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ ውሃ ላይ በቀስታ የማሳረፍን ጥበብ የተማሩት በዚህ ዓይነት ነው። በግንቦት ባስና ብሉጊል የሚባሉት ሙቅ ውሃ ወዳድ ዓሦች ከጥልቁ ወጥተው፣ ፀሐይ ባሞቀው ዳርቻ ጠጠሩን በጅራታቸው እየጠረጉ ሳህን የሚያህል ጎጆ ስለሚሠሩ፣ አቶ እንዳልክ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ሳይረጥቡ ከዳር ሆነው ሊያጠምዷቸው ቻሉ። የወይዘሮ ብርቅነሽን የሥጋ ቴርሞሜትር በክር አስረው የውሃውን ሙቀት ይለካሉ፤ ቴርሞሜትሩም ወደ ኩሽና ተመልሶ አያውቅም። በዓመት ውስጥ ጭንቀታቸው ፋታ የሚሰጣቸው በዚያች ሰዓት ብቻ እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ዝንቦቹን የሚሠሩት በፋሲካ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነበር። ዶሮው የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ላባው ስለሚበላሽ፣ በቅዳም ስዑር ከቤት ቤት እየዞሩ «አንዴ ብቻ አንገቱን» እያሉ እናቶችን ሥራ ያስፈቱ ነበር። እናቶችም እየሳቁ ላባውን በላስቲክ ቋጥረው ያስቀምጡላቸው ጀመር። በአባታቸው ሙያ የሠለጠኑት ጣቶች ከዚያ ላባ ያወጧቸውን ዝንቦች ያየ ሰው ይበርራሉ ብሎ እጁን ይሰበስባል።

ያጠመዱትን ዓሣ ግን መልሰው ይለቁት ነበር። ወዳጃቸው አቶ ባስልዮስ አንድ ቀን የጥብስ ቅመም ሳይቀር ይዘው አብረዋቸው ሄደው፣ አሥራ አንድ ዓሣ ተይዞ አሥራ አንዱም ሲለቀቅ ባዩ ጊዜ ተቆጥተው ለሁለት ሳምንት እንዳኮረፉ ዛሬ እያለቀሱ ነግረውናል። አቶ እንዳልክ ዓሣውን ውሃው ውስጥ በሁለት እጃቸው ደግፈው ይቆያሉ፤ ዓሣው ራሱ ጅራቱን መትቶ እስኪሄድ ድረስ እጃቸውን አይከፍቱም፤ ጀርባቸው እስኪያማቸው ይጠብቃሉ እንጂ።

በ2011 ዓ.ም. በሜሞሪያል ደይ የደረሰውን ደግሞ ልጃቸው ሔለን እንዲነበብ ፈቅዳለች። ቤተሰቡ ወንዞቹ በሚገናኙበት ፓርክ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሔለን ልጅ ሔቨን፣ ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን፣ ከውሃው ጥቂት ሜትር ርቃ ጠጠር ስትለቅም፣ አቶ እንዳልክ ጮኸው ሮጡና ክንዷን ይዘው ሲስቧት የክንዷ መገጣጠሚያ ወለቀ። ሐኪም ወዲያው መለሰው፤ የሔለን ልብ ግን አልተመለሰም። ምክንያቱን ስትጠይቃቸው የመኪናቸውን ቁልፍ አንሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ከግማሽ በላይ ልጅቷን ብቻዋን ከእሳቸው ጋር አልተወችም፤ አቶ እንዳልክም ይህን ያለ ተቃውሞ ተቀብለው፣ በየሳምንቱ ለሔቨን አንዲት ዝንብ እየሠሩ በሳጥን ያስቀምጡላት ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ የልብ ሕመማቸው ጸንቶ፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ሆስፒታል ገብተው በወጡ ጊዜ፣ ንስሐ አባታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለቱን ልጆቻቸውን አስጠርተው የተናገሩት፣ ሳትዘሉ አንብቡት ያሉት ቃል ይህ ነው።

በነሐሴ 1971 ዓ.ም. ጓንግ ዳር በመሸ ጊዜ ሲደርሱ ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። መንገድ መሪያቸው ነገ ይሻላል ስላላቸው እዚያው አደሩ፤ ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ውሃው ግን ቀለሙ ትንሽ ተለውጦ ነበርና መስፍን ፈርቶ ጥቂት እንቆይ አለ። እሳቸውም ታላቅ ወንድም ነበሩና «ሰማዩን እየው፣ ጠርቷል እኮ፤ ምንም አይመጣም» ብለው እጁን ይዘው ገቡ። ዝናቡ የጣለው ሌሊቱን ከላይ፣ በደጋው ነበር። መሀል ሲደርሱ ውሃው መጣ፤ እጁ ከእጃቸው ወጣ።

ለእናታቸው መርዶ አልላኩም። መስፍን በመርከብ አውስትራሊያ ሄዷል ብለው ከገዳሪፍ ጻፉ፤ እናታቸው ደብዳቤውን ለምን ራሱ አይጽፍልኝም ባሉ ጊዜም በግራ እጃቸው፣ በመስፍን ስም፣ እናታቸው በ1985 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ደብዳቤዎቹን ለእናታቸው የምታነብላቸው ታናሽ እኅታቸው ቀጸላ ነበረች። በ1992 ዓ.ም. ወይዘሮ ቀጸላ ወደዚህ አገር ከመጡ በኋላም፣ ወንድምና እኅት በየሰንበቱ እየተገናኙ የመስፍንን ስም ሳያነሡ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሩ።

በጥር ወር፣ በአቶ እንዳልክ ትእዛዝ፣ ንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች በደንቡ መሠረት ማለዳ ወደ ሊትልተን ሄደው የወይዘሮ ቀጸላን በር አንኳኩ። ወይዘሮ ቀጸላም በሩን ከፍተው፣ ሦስቱን አይተው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት «የመስፍንን ልትነግሩኝ ነው?» አሉ። ከሁለተኛው ደብዳቤ ጀምረው የታላቅ ወንድማቸውን የፊደል አጣጣል ለይተውት ነበር፤ እናታቸውን ላለመግደል እንደ ተጻፈው አነበቡ፤ ወንድማቸው እስኪነግራቸው ድረስም ጠበቁ። አርባ ሦስት ዓመት ለዘገየው መርዶ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠው፣ በአራተኛው ቀን ኦሮራ መጥተው የአቶ እንዳልክን ሁለት እጆች ይዘው ብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ሁለቱ የተባባሉትን አልሰማንም፤ አልጠየቅንምም።

ሔለንም ነገሩን በሰማች በሳምንቱ ሔቨንን አምጥታ ከአያቷ ጋር ትታ ሄደች። በሚያዝያ መጨረሻ ውሃው ሲሞቅ፣ አቶ እንዳልክ ከኦክስጅን ጠርሙሳቸው ጋር በተጣጣፊ ወንበር ኩሬው ዳር ተቀምጠው፣ ያጠራቀሙላትን ዝንቦች አንድ በአንድ እያሰሩላት ክር መወርወር አስተማሯት። ጥቂት ወደ ውሃው ጠጋ ባለች ቁጥር እጃቸው ከወንበሩ ሲነሣ አይታ፣ «አባባ፣ ፖንድ እኮ ነው፣ ዶንት ወሪ» ትላቸው ነበር። እሳቸው ግን መጨነቅን አልተዉም፤ ዋሽተን ተዉ አንልም። የያዘችውን ብሉጊል ጅራቱን እስኪመታ ድረስ ደግፋ እንድትጠብቅ አደረጓት፤ ከዚያም ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ በረታ። በዚህ ግንቦት ዝናቡም በረዶውም በዝቶ ወንዙ ቀድሞ ስለሞላ፣ አቶ እንዳልክ እስከ ሜሞሪያል ደይ ቅዳሜ መድረሳቸውን ስለተጠራጠሩ፣ ከአልጋቸው ሆነው ቀደም ብለው መደወል ጀመሩ። አንድ ስልክ ከደወሉ በኋላ ሩብ ሰዓት ማረፍ ነበረባቸው። ሠላሳ አንድ ቤት ከደወሉ በኋላ፣ ደብተሩ ደረታቸው ላይ እንደተከፈተ፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ሰኞ ግንቦት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ በስድሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ልጆቻቸው ሔለንና ቴዲ፣ የልጅ ልጃቸው ሔቨን፣ እኅታቸው ወይዘሮ ቀጸላ፣ ሠላሳ ዓመት በላባ ያስቸገሯቸው እናቶችና ያኮረፉት ወዳጃቸው አቶ ባስልዮስ ናቸው። ካህናቱ ዛሬ ጸሎተ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የሁለት ሰዎችን ስም አንሥተዋል፤ መቃብር ያላገኘው መስፍንም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተጸልዮለታል። እግዚአብሔር የሁለቱን ወንድማማቾች ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

ከመውጣታችን በፊት አንድ የቀረ ነገር አለ። ከሠላሳ ሁለተኛው እስከ ስድሳ አራተኛው ስማችሁ በደብተሩ ላይ ያላችሁ ሰዎች አብዛኞቻችሁ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ፤ ስልኩ አልደረሳችሁም። ከነገ ወዲያ ሜሞሪያል ደይ ነው፣ ፀሐይ እንደሚሆንም ተነግሯል። ውሃው መጥቷል። ሰማዩን አይታችሁ አትመኑ። የልጆቹን እጅ ያዙ። ስትመለሱም ደውሉ፤ ስልኩን ወይዘሮ ቀጸላ ያነሡታል።