የሚስ ሃክስቢ ፈንገሳም ሠላሳ ስምንት ዓመታት

ዶክተር ፌንዊክ፣ የተወደዳችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ዛሬ ጡረታ የሚወጡት እርስዎ፣ ሚስ ሃክስቢ፤ እባክዎን ያንን እርሳስ ያስቀምጡት። ገና መጀመሬ ነው፤ የሚታረም ነገር የለም።

«‹ከሁሉም በፊት› ካልሽ ለምን ሦስተኛ ጠራሽኝ?»

ይኸው! አሥራ አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የኖርኩት።

ሚስ ሃክስቢ ወደዚህ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቤት የገቡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም። የነበሩት የዛሬው አለቃችን ዶክተር ፌንዊክ ናቸው። ያኔ ፀጉር ነበራቸው ይባላል፤ ማስረጃ ግን አላገኘሁም። ታሪኩን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። የ‹ኤፍ› ፊደል ክፍል አለቃ የነበሩት ሟቹ ሚስተር ኤልስወርዝ አዲሷን ሠራተኛ ተቀብለው፣ ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን አሳይተው፣ «በኤፍ የሚጀምር ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል» አሏቸው። ሚስ ሃክስቢ ደግሞ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርደው በሜዳው ሲያቋርጡ የለቀሙትን አንድ ቅርጫት ሙሉ የዱር እንጉዳይ ይዘዋል። እንጉዳይ ፈንገስ ነው። ፈንገስ በኤፍ ይጀምራል። አስገቡታ! ቆለፉታ!

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰኞ ደግሞ የሕዝብ በዓል። ማክሰኞ ጠዋት ሚስተር ኤልስወርዝ ቁም ሣጥኑን ከፈቱና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተንደረደሩ።

«ማነው ይህን ፈንገሳም ጉድ የሠራው?!»

ሌላ ሰው ቢሆን ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን ወረቀት አወጡ። ቃሉን፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጻፉ።

«ሚስተር ኤልስወርዝ፣ ‹ፈንገሳም› የሚለውን ቅጽል በሕይወት ካለ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ላስመዝግበው?»

«አይቻልም!»

«ለምን?»

«እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነኛ! ሠራተኛ ያለው አይቆጠርም! አሁን ይሄን እንጉዳይ አውጪልኝ!»

ባሎቻችሁንና ሚስቶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ስላላችሁ ሕጉን ላስረዳ። እኛ እዚህ ቃል አንፈጥርም። ሌላው ሰው የተናገረውን ወይም ጽፎ ያሳተመውን እየለቀምን እንመዘግባለን። የራሳችንን የምንቆጥር ቢሆን እያንዳንዳችን የምንወደውን ቃል ጋዜጣ ላይ እየጻፍን ለዘላለም እናኖረው ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል ለረጅም ዘመን የውጭ ምስክር ካጣ ከፊቱ ትንሽ የጩቤ ምልክት ይደረግበታል። ሞቷል ማለት ነው። ሚስ ሃክስቢ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ በስንቱ ቃል ላይ ጩቤ ሰክተዋል። «ፈንገሳም» ላይ ብቻ እምቢ አሉ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ የእንግሊዝኛን ቋንቋ መልክ እለውጣለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። በመጀመሪያው ቀን የቃላት ማስረጃ ወረቀት የሞላበት አንድ ሣጥን ሰጡኝና «የዛገውን ማያያዣ ሽቦ ሁሉ ንቀይ» አሉኝ። ስነቅል ዋልኩ። እርስዎ ደግሞ ሻይዎን እየጠጡ የዚያን ቃል ታሪክ ስለ አንድ የሚያሳፍር አጎት እንደሚወራ አድርገው አወሩልኝ።

«ሥራ የጀመረው ሐኪሞች ዘንድ ነው ልጄ፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት። ቁስል ላይ እንደ ስፖንጅ ያበጠ ክፉ ሥጋ ሲያዩ እሱን ይጠሩታል። ከዚያ ሜዳ ወጣ፤ እንጉዳዩን፣ ሻጋታውን፣ የበሰበሰውን ግንድ ሁሉ የሚገልጸው እሱ ሆነ። ከዚያ ጠባዩ ተበላሸ።»

«እንዴት ተበላሸ?»

«ስድብ ሆነ! ትናንት በቅሎ ዛሬ ትልቅ ነኝ የሚለውን፣ በአንድ ጀምበር አብጦ በማግስቱ የሚረግፈውን ዝና ሁሉ ‹ፈንገሳም› ይሉት ጀመር። ምን ዓይነት ስድብ መሰለሽ! ኋላ ሳይንቲስቶቹ መጡ። ጨዋ ጨዋ የሚሸት ቃል ፈለጉ። ‹ፈንገሳዊ› የሚባል ልጅ ነጭ ካፖርት አልብሰው አመጡና ቦታውን ሰጡት።»

«ታዲያ ‹ፈንገሳዊ› ደህና ቃል አይደለም ወይ?»

«ደህና ነው። ግን ተሳደቢበት እስቲ!»

ሞከርኩ። በእውነት አይሰደብበትም።

ከዚያ በኋላ ምስክር ፍለጋው መጣ። ዳቦውን የማያስታውስ አለ? ሚስ ሃክስቢ አንድ ዳቦ አረንጓዴ ፀጉር እስኪያወጣ አቆይተው፣ በመስታወት ክዳን ከድነው ከተማውን አዞሩት። ሕጉ ቃሉን ለሰው ማቀበል ስለሚከለክል የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «እባክዎን ይህን በአንድ ቅጽል ይግለጹልኝ።» ሥጋ ሻጩ «የሚያሳዝን» አለ። የጥርስ ሐኪማቸው «አፍዎን ይክፈቱ» ብሎ ጀምሮ፣ ዳቦው መሆኑን ሲያይ ነርሷን ጠራ። የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ደግሞ፦

«እማማ፣ ከነዳቦዎ ይውረዱልኝ።»

«‹ይውረዱልኝ› ቅጽል አይደለም።»

«ይ-ው-ረ-ዱ-ል-ኝ!»

በእግራቸው መጡ። ዝናብ ነበር። ዳቦው አልረጠበም፤ ጃንጥላው የተያዘው ለእሱ ነበርና።

አሁን ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝ። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ኳኳታ ሰምተን እሳት የተነሣ መስሎን ወጣን። ሚስ ሃክስቢ እየጨፈሩ ነበር። እጃቸው ላይ የከተማችን ጋዜጣ አለ። የምክር ቤት አባሉ ሚስተር ፕላውራይት አዲሱን የመኪና ማቆሚያ ሲቃወም «በአንድ ጀምበር የበቀለ ፈንገሳም ዕቅድ» ብሏል። የታተመ! በሕይወት ያለ ሰው! የውጭ ሰው! ዶክተር ፌንዊክ ራሳቸው የበዓሉን የሼሪ ወይን ጠርሙስ ከመሳቢያ አወጡ።

እርስዎ ግን ብርጭቆውን ሳይቀምሱ ቁጭ አሉ። ስልኩን አነሱ።

«ሚስተር ፕላውራይት፣ ያን ቃል ከየት አገኙት?»

ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «ከእርስዎ ነዋ፣ ሚስ ሃክስቢ! ስለ መኪና ማቆሚያው በጻፉልኝ አሥራ አንድ ደብዳቤ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ደስ ብሎኝ ሰረቅኩት።»

ወረቀቱ ላይ በቀይ «ምንጩ ሠራተኛ ነው» ብለው ጻፉና ውድቅ ማስረጃ የሚጣልበት ሣጥን ውስጥ ጣሉት። እኔ ተናደድኩ። እንዲያውም ጮኽኩ፤ አሁን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ማንም አያውቅም ነበር እኮ!»

«እኔ አውቃለሁ፣ ሮዊና።»

ይህን ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ሻይ አፈሉልኝ። እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስለ እውነት ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ያየኋት ግን ያን ቀን ነው፤ የምትወደውን ነገር በገዛ እጇ ውድቅ ሣጥን ውስጥ ስትጥል።

እናም ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ተደረገ። ለ«ፈንገሳም» ሌላ ምስክር አልተገኘም። ዶክተር ፌንዊክ የቃሉ ገጽ ለኅትመት ዛሬ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ አስታወቁ። የኤፍን ጠረጴዛ የምወርሰው እኔ ስለሆንኩ የጩቤው ቅጽ ተሰጠኝ። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ሚስ ሃክስቢ ማክሰኞ ወደ ቤት ሲሄዱ «በደንብ ፈርሚ፤ ፊርማሽ አይነበብም» አሉኝ። ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

አልፈረምኩም። ሦስት ቀን አልፈረምኩም። ትናንት ሳንድዊቼን እየበላሁ የቤቱን መተዳደሪያ ደንብ አነበብኩ። አዎ፣ ሳቁ፤ ከእርስዎ የተማርኩት በሽታ ነው። እንዲህ ይላል፦ «የቤቱ ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ የተናገረውም ሆነ የጻፈው በማስረጃነት አይቆጠርም።»

በሥራ ላይ እስካለ ድረስ! እርስዎ ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ይወጣሉ።

እየሮጥኩ ዶክተር ፌንዊክ ቢሮ ገባሁ። ደንቡን አራት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው አምስተኛ አነበቡት። ከዚያ «ገጹ እስከሚቀጥለው ፀደይ ክፍት ይቆይ» አሉ።

«ይሄ ማጭበርበር ነው!»

ይቀመጡ፣ ሚስ ሃክስቢ።

«አልቀመጥም! ቃሉን ለማዳን ብዬ ብጽፈው አይቆጠርም። ቃሉ ለገዛ ሥራው መዋል አለበት። የደንቡ አምስተኛ አንቀጽ!»

ዶክተር ፌንዊክ፣ እርስዎ ይመልሱላቸው።

«ሙርየል፣ ማንም ጻፊ አላለሽም። እንዲያውም ስለ ጉዳዩ ማሰብ ተከልክለሻል።»

«ሳላስብ እንዴት ነው የምጽፈው?»

«እስከዛሬ እንደጻፍሽው!»

አዎ፣ እስከዛሬ እንደጻፉት። እኔ የጋዜጣውን ክምችት አይቻለሁ። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት፣ ስለ መናፈሻው ውሾች፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለጋዜጣ ጽፈዋል፤ ሳያስቡት፣ ሲናደዱ ብቻ፣ «ፈንገሳም» ብለዋል። ብዙ ጊዜ። ዳቦ ይዘው በከተማው ውስጥ ሲፈልጉት የነበረው ሰው እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ይህን ቃል በዚህ አገር ውስጥ እንደ ጨው የሚጠቀም አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት፤ እኛ ጋር ስለሠሩ ብቻ አልተቆጠሩም። ቋንቋዎን ለማገልገል ብለው ከተናጋሪዎቹ ዝርዝር ስምዎን አስወጡ። ቅሬታ ሲያሰሙ ሰምቼዎት አላውቅም። ስለዚህ ጉዳይ ማለቴ ነው። ስለ ሌላውማ ሰምቼ ጠግቤያለሁ።

አመሰግናለሁ፣ ሚስ ሃክስቢ። የዛገ ሽቦ ስላስነቀሉኝ አመሰግናለሁ። ከእያንዳንዷ ወረቀት ጀርባ በእውነት የተናገረ አንድ ሰው እንዳለ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ቋንቋውን እለውጣለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አሁን የምመኘው እርስዎ እንደሰሙት አድርጌ መስማት ብቻ ነው። ያም ለእኔ ትልቅ ነው።

ሁለት ደቂቃ ቀርቶናል። የሞቀም ቢሆን ነጩን ወይን ቅዱ፤ ለዶክተር ፌንዊክ ብርቱካን ጭማቂ። ሚስ ሃክስቢ፣ ጤናዎ ጽኑ ይሁን። ጉልበትዎ ከደረጃው፣ ዓይንዎ ከትንንሹ ፊደል አይጣላ። ጎረቤት ደግ ይሁንልዎ፤ በጣም ደግ ግን አይሁን፤ የሚጻፍበት ነገር አይጥፋ። የከተማው ምክር ቤት በየወሩ አንድ ሞኝ ዕቅድ ያውጣልዎ። ዕድሜዎም እንደ ገጻችን ክፍት ሆኖ፣ ከሚቀጥለው ፀደይ እጅግ አልፎ ይቆይ።

ዶክተር ፌንዊክ፣ የመግቢያ ካርዳቸውን ይቀበሏቸው። አሁን። ሰዓቱ ደረሰ።

ብርጭቆዎቻችሁን አንሡ። ሚስ ሙርየል ሃክስቢ፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የሚሉት ሁሉ ይቆጠራል። እኔም እርሳሴን ይዤ እየሰማሁ ነው።