በከድጃ ስም የተሠራው ክፍል

በአንድ የወሎ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ፋኩልቲ ዲኗ ዶክተር ትሁን፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ በሆነው በፕሬዚዳንቱ በዶክተር ደጀኔ ቢሮ ውስጥ አልቀመጥም ብላ ቆማለች።

ደጀኔ፦ ሐጂ ኑርሁሴን ዘንድ አንድ ጊዜ ሂጂልኝ ነው ያልኩት እንጂ ሰው ግደይልኝ አላልኩም! ካንቺ በቀር የማንንም ቃል አይሰሙም።

ትሁን፦ እኔን የሚሰሙኝ ለምን ይመስልሃል?

ደጀኔ፦ ዲን ነሻ! እርዳታ ማሰባሰብ የዲንም ሥራ ነው። ሰው የሚሰጠው ለሚያምነው ነው።

ትሁን፦ ለዲንነቴ አይደለም። ልጃቸው ከድጃ በምጥ እጄ ላይ ስለሞተች ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ «አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ክፍል ቢኖረን ኖሮ» ስላልኳቸው ነው።

ደጀኔ፦ ክፍሉም ይኸው በገንዘባቸው ተሠራ።

ትሁን፦ ተሠራ! ትናንት በሩን ብከፍተው የቆዳ ሶፋ ተደርድሮበታል። የመለማመጃ አልጋዎቹ የታሉ?

ደጀኔ፦ ለጊዜው ነው። ከበላይ እንግዳ ሲመጣ የት ላሳርፈው? ኮሪደር ላይ?

ትሁን፦ ተማሪዎቼ ማዋለድ የሚለማመዱት በትራስ ነው፣ ደጀኔ። በትራስ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉሃል ይኼ ነው።

ደጀኔ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። እንግዳ ደስ ሲለው በጀት ይለቀቃል።

ትሁን፦ ላም አለኝ በሰማይ።

ደጀኔ፦ ለዚህ እኮ ነው ሂጂ የምልሽ! ሐጂ አንድ ክፍል ይጨምሩልንና እሱን ለአዋላጆች እናደርገዋለን።

ትሁን፦ የከድጃ ክፍል ለእንግዳ ማረፊያ እንዲሆን የወሰንከው መቼ ነው?

ደጀኔ፦ ምን ያደርግልሻል?

ትሁን፦ መቼ ነው?

ደጀኔ፦ ... ከመነሻው።

ትሁን፦ ሪባን ሲቆረጥ ሐጂ እጄን ይዘው ሲያለቅሱ፣ አጠገቤ ቆመህ ታውቅ ነበር?

ደጀኔ፦ ብነግርሽ እሳቸው ፊት አፍሽ ይተሳሰር ነበር። አውቅሻለሁ፣ መዋሸት አትችይም።

ትሁን፦ እና እውነቴን ማጥመጃ አደረግኸው። ተማሪ ሳለን ባንድ ትሪ በልተን! ሰው ማመን ቀብሮ ነው ሲሉ እኔ እስቅ ነበር።

ደጀኔ፦ ትሁንዬ፣ በድዬሻለሁ፤ እክሳለሁ። ብቻ ዛሬ ሂጂና ስለ ሶፋው አታንሺባቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፣ እዚህ ድረስ ወጥተው አያዩም።

ትሁን፦ ጠዋት ወጥተው አይተዋል። ክንዳቸውን ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ደጀኔ፦ ምን አልሽ?! እሳቸውስ ምን አሉ?

ትሁን፦ የልጄ ክፍል ነው ብለው ጫማቸውን ደጅ አወለቁ። ከዚያ ስሟን ግድግዳው ላይ ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ አጡት።

ደጀኔ፦ አሁን የት ናቸው?

ትሁን፦ እዚያው። ያ ሁሉ ሶፋ እያለ ቆመው ነው የሚጠብቁዎት፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። ልመናውን እንግዲህ ራስዎ ሄደው ያቅርቡ።