ቅናት ያስቸኮለው አርማታ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጋሽ ቱምቢን በአዲሱ ግንባታ የቆርቆሮ አጥር ላይ ተለጥፈው አገኘኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው በሚስማር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያያሉ። ጋሽ ቱምቢ የሰፈራችን ግንበኛ ናቸው፤ የምከራየውን ክፍል ጨምሮ የመንገዳችንን ግማሽ ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩበትን ባለ ገመድ ብረት፣ ቱምቢውን፣ ከኪሳቸው ስለማይለዩት ነው።

«ጋሽ ቱምቢ፣ ደኅና ዋሉ? ምን ጠፋብዎት?»

ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። «ምንም፤ ጥላ ፈልጌ ነው፣ መምህር።»

«ጥላው እኮ በወዲያኛው በኩል ነው።»

«እንግዲያው ተሳስቻለሁ» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከጥርሳቸው አላለፈም።

ከአጥሩ ወዲያ ግንባታውን የምትመራው የወንድማቸው ልጅ ነበረች። የሕንፃ ሥራ ተምራ ከተመረቀች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። የቤቱ ባለቤት የጋሽ ቱምቢ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ሆኖ ሳለ ሥራውን ለእሷ ሰጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽማግሌው እንቅልፍ አጥተዋል።

«እስቲ ይፍረዱ» አሉኝ አብረን እየተራመድን። «በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኋት ልጅ ናት። ዛሬ እሷ ኢንጂነር፣ እኔ የመንገድ ዳር ተመልካች! ደግሞ ሥራዋን አይተውታል? የበሩን አናት አርማታ ካፈሰሰች ይኸው ስድስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣዋለች፤ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች። አርማታ ነው ወይስ ትኩሳት የያዘው ሕፃን?»

«ምክንያት ይኖራታል።»

«ምክንያቱማ አለማወቅ ነው! እኔ የልጄን ቤት አርማታ ያፈሰስኩት ከእሷ ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው፤ ነገ የደገፈውን ጣውላ አወልቃለሁ። ከእሷ ቀድሜ ጣሪያ ባልመታ ምን አለ በሉኝ!»

በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሁለት ሕፃናት ይዛ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ለምትንከራተተው ልጃቸው የሚሠሩት ቤት፣ ቤትነቱ ቀርቶ እሽቅድምድም ሆኗል። ቅናት የያዘው ሰው ሥራውን አያይም፤ የሚያየው የሌላውን ሰው እጅ ነው። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ዕድሜያቸውን አክብሬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስሕተት ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ለምሳ እንደወጡ ከግንባታው ፊት ለፊት ባለው መስኮቴ ብመለከት ጋሽ ቱምቢ ከግንባታው ግቢ ውስጥ መሰላል ላይ ቆመዋል። የበሩን አናት አርማታ በሚስማር ይፍቃሉ። የወንድማቸው ልጅ የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ተመልሳ ኖሮ ከመሰላሉ ሥር ቆማለች። ነገሩ እንዳይከርር ብዬ እየሮጥኩ ደረስኩ።

«አጎቴ፣ ምን ሆነው ነው?» ትላለች።

«ሚስማር ወድቆብኝ ስፈልግ…»

«በእጅዎ ይዘውታል እኮ።»

ቀስ ብለው ወረዱ። «እንግዲህ ከያዝሽኝ ልንገርሽ። የመጣሁት እንከን ፍለጋ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያደንቅልሽን ሥራ ልፈትነው ብዬ።»

«ታዲያ አገኙ?»

«ሚስማሬ ዶለዶመ» አሉ በቁጣ።

ልጅቱ አልሳቀችም። «የእርስዎንስ ፈትነውታል? ካልከፋዎት አብረን እንየው።»

የልጃቸው ቤት አራት ቤት አለፍ ብሎ ነው። ጣውላውም ድጋፍ እንጨቱም ተነሥቷል። ልጅቱ ሚስማሩን ተቀብላ የበሩን አናት ጫር ብታደርገው እንደ ጠመኔ እየተፈረፈረ ወረደ።

«ገና ስላልደረቀ ነው» አሉ ጋሽ ቱምቢ።

«አጎቴ፣ አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም። ሲሚንቶው ውሃውን ይዞ ቀስ በቀስ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ውሃውን ፀሐይ ከነጠቀችው ሥራው መሃል ላይ ይቋረጣል።»

«ውሃ ከወደደማ እኔ ሳቦካው ካንቺ እጥፍ ጨምሬለታለሁ!»

«እሱ ደግሞ ሌላው ጉዳት ነው። ሲቦካ የበዛው ውሃ ተንኖ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሲቦካ በልክ፣ ከጠጠረ በኋላ በብዛት ነው የሚጠጣው።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። እስቲ የወደቀ ቤት አሳዪኝ!»

«የለም። እርስዎ የሠሩት በድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ማስቀመጥ ከእርስዎ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የምማረው ሙያ ነው። ይሄ ግን ከላይ ግድግዳና ጣሪያ ይሸከማል፣ ከሥሩ ባዶ በር ነው። በዚያ በር የሚገቡትና የሚወጡት የልጅ ልጆችዎ ናቸው።»

ሽማግሌው የበሩን አናት አዩ። እጃቸውን ሰድደው መሃሉን ዳሰሱ፤ ቀጭን ልስን ተላቆ ወደቀና ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ።

«አውቄዋለሁ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ትናንት አይቼ በሲሚንቶ ለሰንኩት።»

«ምነው አጎቴ? ለምን?»

«አንቺ እንዳታዪብኝ።»

በሕይወቴ ብዙ ስሕተት ሲታመን ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያሳዘነኝ ግን የለም። ለገዛ ልጃቸው ይሳሱላት የነበሩ አባት፣ ከወንድማቸው ልጅ ዓይን ለመሰወር ብለው አደጋውን በልጃቸው ራስ ላይ ሊተዉት ነበር።

ጋሽ ቱምቢ መዶሻ አነሡ። እኛ እንድንረዳቸው አልፈቀዱም። የአርማታውን የመጀመሪያ ቁራሽ ሲጥሉ ፊታቸው የልቅሶ ቤት ፊት ነበር፤ ሲጨርሱ ግን «በይ እስቲ፣ ልክሽን አሳዪኝ» አሏት። እሷም የአሸዋውን ንጽሕና ለመለየት ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጣ ጭቃው ስንት እንደሚረጋ አሳየቻቸው፤ የውሃውን ልክ በባልዲ ለየችላቸው፤ የበሩ ድጋፍ እንጨት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንዳይነሣ አስጠነቀቀቻቸው። እሳቸውም በፈንታቸው የእሷን ግንበኞች የማዕዘን ድንጋይ አያያዝ አረሙላቸው።

እርግጥ ነው፣ የእሷ ቤት ጣሪያ ቀድሞ ተመታ። የጋሽ ቱምቢ ልጅ ግን አርፋ የምትተኛበት ቤት አገኘች። ንጹሕ አሸዋና በልክ የገባ ውሃ ጥንካሬ ይሰጣል፤ የአንድ ሳምንት ውሃ ማጠጣት የብዙ ዓመት ጥገና ያስቀራል፤ ከታናሽ መማርም ታላቅነትን አይቀንስም። ይህን የምጽፈው ቤት ለመሥራት ያሰበ አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው ነው።

አዲሱን አርማታ ካፈሰሱ በአምስተኛው ቀን፣ እኔ አጠገባቸው ሳለሁ፣ ባልዲ ይዘው አርማታውን ሲያጠጡ አንድ የሚያውቃቸው መንገደኛ ቆሞ፣ «ጋሽ ቱምቢ፣ አትክልት ተከሉ እንዴ? ይህን ደግሞ ማን አስተማረዎት?» ሲል ቀለደባቸው።

ጋሽ ቱምቢ ጆንያውን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«የወንድሜ ልጅ» አሉት።

ሰውየው አድንቋት ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስሟ በተነሣ ቁጥር አሁንም እዚህ ጋ ይቆጠቁጠኛል፣ መምህር» አሉ ደረታቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው። «ይቆጥቁጠኝ። እስቲ ያን ባልዲ ያቀብሉኝ።»